ከፎቶ ላይ የጠፉ ሰዎች

ወዳጆቼ፣ የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ የቤተሰብ ፎቶ ነው። በ1965 ዓ.ም. ለጥምቀት፣ ፒያሳ ከነበረ አንድ ፎቶ ቤት የተነሱት። አያቴ ነጭ በነጭ ለብሰው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በግራቸው እናቴ ቆማለች። እግራቸው ሥር ያኔ የ12 ዓመት ልጅ የነበሩት አክስቴ፣ ሁላችንም እቴቴ የምንላቸው፣ ካሜራውን በፍርሃት እያዩ ተቀምጠዋል። በቀኛቸው በኩል ደግሞ ቀዳዳ አለ። በመቀስ የተቆረጠ፣ የሰው ቁመት ያለው ቀዳዳ። አያቴ ትከሻ ላይ ግን አራት ጣቶች ቀርተዋል። መቀሱ እዚያ ጋ ሲደርስ ቆሟል።

የጣቶቹ ባለቤት አጎቴ ነው። ያኔ 17 ዓመቱ ነበር። በ1969 ዓ.ም. የቤት ለቤት አሰሳ በመጣ ጊዜ ከቤት ከወጣ ወር አልፎት ነበር። አያቴ አሰሳው ወደ ሰፈራችን ሊደርስ ነው ሲባል ሰሙ። ፎቶው ደግሞ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ፈታሾቹ ሲያዩት የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ "ይሄኛውስ የት አለ?" አያቴ ማታውኑ ፎቶውን ከመስታወቱ አወጡ፣ ልጃቸውን ቆርጠው ከሰል ምድጃው ውስጥ ከተቱት፣ የቀረውን ሳጥን ውስጥ ቀበሩት። አጎቴ አልተመለሰም። ሌላ ፎቶም የለውም። ያነሳቸው ፎቶ ቤትም ከተዘጋ ብዙ ዓመት ሆኖታል።

ባለፈው ሰሞን ሜሪላንድ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ይሄን ፎቶ አስቃኝቶ በሰው ሠራሽ አስተውሎት አሠርቶ ለቤተሰቡ ግሩፕ ላከልን። ጭረቱ ጠፍቷል፣ ቢጫው ነጭ ሆኗል፣ ቀለም ገብቶበታል። ቀዳዳውም ተሞልቷል። አንድ መልከ መልካም ጎረምሳ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ እጁን አያቴ ትከሻ ላይ አድርጎ ፈገግ ብሎ ቆሟል። ማሽኑ ለአራቱ ጣቶች አምስተኛውን ጨምሮላቸው፣ ክንድ ቀጥሎላቸው፣ ፊት ሰጥቷቸዋል። ግሩፑ በልብና በእልልታ ተሞላ። አልዋሽም፣ እኔም ልቤ ሞቅ አለ።

ስልኩን ይዤ እቴቴ ጋ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ቆዩ። ከዚያ "ይሄ ማነው?" አሉ።

ልጁ በቪዲዮ ነበርና "እሱ እኮ ነው እማማ! አይመስልም?" አላቸው።

"ደክመሃል ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ" አሉት። "ግን ይሄን ሰው አላውቀውም።" ስልኩን መለሱልኝና "ያንኑ የድሮውን አምጡልኝ" አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። አያቴ ፎቶውን ነካክተዋል፣ የእህቴ ልጅም ነካክቷል። አንዳቸውም ክፉ አላሰቡም። ታዲያ ፎቶ መነካካት መቼ ነው ነውር የሚሆነው? እስኪ ወደ ታሪኩ ልውሰዳችሁ።

*

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ ስህተት እናርም። ብዙ ሰው "ድሮ ፎቶ እውነት ነበር፣ ፎቶሾፕ መጥቶ አበላሸው" ይላል። ፎቶሾፕ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፤ የሠሩት ቶማስና ጆን ኖል የሚባሉ ወንድማማቾች ናቸው። ፎቶ ማንሳት ለዓለም የተበሰረው ግን በ1839 ነው። በመሐል ባለው 150 ዓመት እጅ ያልነካው ፎቶ ብቻ ነበር ብሎ የሚያስብ ሰው ፎቶ ቤት ገብቶ አያውቅም ማለት ነው።

በ1855 ፓሪስ ላይ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ፍራንዝ ሃንፍሽቴንግል የተባለ የሙኒክ ፎቶ አንሺ የአንድን ሰው ምስል በሁለት መልክ አቀረበ። አንዱ እንደተነሳ ነው። ሌላው ኔጋቲቩ ላይ በእጅ ተሠርቶበታል። ሕዝቡ ጉድ አለ። ከዚያ በኋላ ሪታች የፎቶ ቤት መደበኛ ሥራ ሆነ።

አሠራሩን ለማታውቁት፦ ኔጋቲቭ ላይ ብርሃንና ጥላ ይገለበጣል። ስለዚህ ባለሙያው ከመስኮት ሥር ተቀምጦ፣ በሾለ እርሳስ ኔጋቲቩ ላይ ነጠብጣብ ሲያደርግ፣ ያ ቦታ ሲታተም ይነጣል። መጨማደድ ይጠፋል፣ የብጉር ጠባሳ ይለሰልሳል። በስለት ፋቅ ሲያደርገው ደግሞ ይጠቁራል። ይሄ ሁሉ ማታለል ነበር? ሙሉ በሙሉ አይደለም። የያኔው የፎቶ ኬሚካል ሰማያዊ ብርሃንን እንጂ ቀይን አያይም ነበር። ፊት ላይ ያለች ትንሽ ቀይ ነጥብ ፎቶው ላይ እንደ ጥቀርሻ ጠቁራ ትወጣለች። ስለዚህ ባለ እርሳሱ አንዳንዴ የሚያርመው የሰውየውን ፊት ሳይሆን የኬሚካሉን ውሸት ነበር።

እኛም አገር ይሄው ነው። ፎቶ ቤት ስንገባ ከኋላ ፏፏቴና አበባ የተሳለበት መጋረጃ አለ። ኮትና ክራቫት ከሌለህ ከግድግዳው ላይ አውርደው ያለብሱሃል። ጥቁርና ነጩ ከታጠበ በኋላ ከንፈር ላይ ቀይ ጣል ይደረግበታል። ግን ማንም አልተታለለም። አክስትህ ፏፏቴ ሥር እንዳልቆመች ዘመዱም ጎረቤቱም ያውቃል። ልክ ለሠርግ ተውሰን እንደምንለብሰው ካባ ነው። ሙሽራው ንጉሥ ነው ብሎ የሚያምን የለም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው፦ የሚያየው ሰው ጨዋታውን ካወቀ፣ ማሳመር ውሸት አይደለም።

*

ችግሩ የሚጀምረው የሚያየው ሰው ሳያውቅ ሲቀር ነው።

በ1860ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የአብርሃም ሊንከን ምስል ነው ተብሎ የተሸጠ አንድ ኅትመት ነበር። ሊንከን በግርማ ቆመው፣ እጃቸውን ጠረጴዛ ላይ አሳርፈዋል። ፊቱ በእርግጥ የሊንከን ነው፤ ከፎቶግራፋቸው የተወሰደ። ገላው ግን የጆን ካልሁን ነበር። ካልሁን ማን ነው? ባርነት መልካም ነገር ነው ብሎ በምክር ቤት ሲከራከር የኖረ የደቡብ ካሮላይና ፖለቲከኛ ነው፤ የሞተውም በ1850 ነው። አታሚው የካልሁንን የቆየ ምስል ወስዶ አንገቱን ቀየረ። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ወረቀቶች ላይም የተጻፈውን ለወጠ፤ የክልሎች ሉዓላዊነት ይል የነበረው የነጻነት አዋጅ ተባለ። የባርነት ጠበቃው ገላ የባርነት ሻሪውን ጭንቅላት ተሸክሞ በየሳሎኑ ተሰቀለ። ነገሩ እስኪደረስበት ብዙ አሥርት ዓመታት አለፉ።

ይሄኛው እንደ ቀልድ ሊታይ ይችላል። ቀጥሎ ያለው ግን አያስቅም።

ግንቦት 1920 እ.ኤ.አ. ሌኒን ሞስኮ ከቦልሾይ ቴአትር ፊት ለፊት፣ ከእንጨት በተሠራ መድረክ ላይ ሆኖ ለወታደሮች ሲናገር ፎቶ ተነሳ። ከመድረኩ ጎን ደረጃው ላይ ትሮትስኪና ካሜኔቭ ቆመዋል። ስታሊን ሥልጣን ከያዘ በኋላ በታተሙት ቅጂዎች ላይ ደረጃው አለ፣ ሁለቱ ሰዎች ግን የሉም። በቦታቸው ባዶ የእንጨት ደረጃ ተስሏል።

ከዚህ የባሰው የኒኮላይ ዬዦቭ ነው። ሰውየው ከ1936 እስከ 1938 የስታሊን የምሥጢር ፖሊስ አለቃ ነበር። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው የተገደለበትን ጽዳት የመራው እሱ ነው። በ1937 በሞስኮ-ቮልጋ ቦይ ዳር ከስታሊን አጠገብ ሲሄድ የተነሳው ፎቶ አለ። ብዙ ሳይቆይ ተራው የእሱ ሆነ። በ1939 ታሰረ፣ በየካቲት 1940 ተረሸነ። ፎቶው ሲታተም ስታሊን አጠገብ ያለው ውኃ ብቻ ነው። ሠዓሊው ዬዦቭ በቆመበት ቦታ የቦዩን ውኃ ቀጥሎበታል። ሰው አጥፊውም ሳይቀር ጠፋ።

ልብ በሉ፣ ይሄ የተሠራው በኮምፒውተር አይደለም። በመቀስ፣ በሙጫ፣ በቀለም መርጫና በቀጭን ብሩሽ ነው። የሠሩትም ያው የሙሽራ ፊት የሚያለሰልሱት ዓይነት ባለሙያዎች ናቸው። ሙያው አንድ ነው። የተለየው ማን እንዳዘዘውና ለምን እንዳዘዘው ነው።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን ያስቆመኝ አንድ መጽሐፍ ነው። አሌክሳንደር ሮድቼንኮ የሚባል ታላቅ የሶቪየት ሠዓሊና ፎቶ አንሺ ነበር። በ1934 የኡዝቤኪስታንን 10ኛ ዓመት አስመልክቶ የታተመ አልበም አዘጋጀ። የፓርቲው ሹማምንት ፎቶ በየገጹ አለ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ከነዚያ ሹማምንት ብዙዎቹ የሕዝብ ጠላት ተብለው ተያዙ። የጠላት ፎቶ ቤት ውስጥ መገኘት ደግሞ ራሱ ወንጀል ነበር። ሮድቼንኮ ምን አደረገ መሰላችሁ? የራሱን መጽሐፍ፣ የራሱን ቅጂ ገለጠና በጥቁር ቀለም ፊታቸውን አንድ በአንድ ደፈነው። ኮቱ አለ፣ ሜዳሊያው አለ፣ ፊቱ ጥቁር ጠብታ ነው። ዴቪድ ኪንግ የተባለ እንግሊዛዊ ከብዙ ዓመት በኋላ ይሄን ቅጂ አግኝቶ ለዓለም አሳየ። በ1997 ደግሞ ከሶቪየት ፎቶዎች ስለጠፉት ሰዎች አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ።

ሮድቼንኮን ሳነብ አያቴ ትዝ አሉኝ። ያው መቀስ ነው፣ ያው ሌሊት ነው፣ ያው ፍርሃት ነው። ቀበሌው ሰውን ከመዝገብ ይሰርዛል፣ እናት ከግድግዳዋ ትሰርዛለች።

ግን ልዩነት አለው። ስታሊን የሰውየውን ቦታ በውኃ ሞላው፤ እዚያ ማንም አልነበረም እንድንል ፈልጎ። ሮድቼንኮና አያቴ ቀዳዳውን አልሸፈኑትም። ጥቁሩን ጠብታና የተቆረጠውን ወረቀት ያየ ሁሉ እዚህ ሰው ነበር ብሎ ያውቃል። ቀዳዳው ይመሰክራል። ውኃው ግን ይዋሻል።

*

"እሺ፣ ይሄ የአምባገነኖች ታሪክ ነው" ትሉኝ ይሆናል። ለመልካም ዓላማስ?

ግንቦት 2 ቀን 1945 እ.ኤ.አ. የቭጌኒ ኻልዴይ የተባለ የሶቪየት ፎቶ አንሺ በርሊን ራይሽስታግ ጣሪያ ላይ ወታደሮች ቀይ ባንዲራ ሲያውለበልቡ አነሳ። ሁላችሁም የምታውቁት ፎቶ ነው። የናዚ ውድቀት ምልክት ሆኗል። ሞስኮ ሲደርስ ግን አንድ ነገር ታየ። ባንዲራ ሰቃዩን ከሥር የደገፈው መኮንን በሁለቱም እጆቹ ሰዓት አስሯል። ሁለት ሰዓት ያለው ወታደር አንዱን ከየት አመጣው? ዝርፊያ ነው የሚል ይመጣል። ኻልዴይ በመርፌ ኔጋቲቩን ፍቆ አንዱን ሰዓት አጠፋው። ከኋላ ያለውን ጭስም አጠቆረው።

ናዚ በእርግጥ ተሸንፏል። ባንዲራውም ተሰቅሏል። ያችን ሰዓት መፋቅ ምን ይጎዳል? እኔ የምለው እንዲህ ነው፦ በርሊን መያዟን ለማወቅ ያ ፎቶ አያስፈልገንም፣ በሺህ ማስረጃ እናውቀዋለን። ያቺ ሰዓት ግን ማንም ሊነግረን የማይፈልገውን ትናገር ነበር። ብዙውን ጊዜ ከፎቶ ላይ የሚፋቀው ነገር ለታሪክ ጸሐፊ ከሁሉ የበለጠ የሚያስፈልገው ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ዋናው ክስ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል የሚል ነበር። በሙስሊም አለባበስ የታዩበት ፎቶ ለክሱ ማስረጃ ተደርጎ ይዞር ነበር ይባላል፤ ፎቶው የተቀናበረ ነው ብለው የጻፉም አሉ። ክርክሩን ለባለሙያዎቹ እንተወው። እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር። እሺ፣ ፎቶው ንጹሕ ነው እንበል። ፎቶ የሚያሳየው ልብስ ነው። እምነትን የሚያነሳ ካሜራ የለም። ከልብስ ተነስቶ እምነት ላይ የደረሰው ተመልካቹ ነው። ፎቶ ሳይነካም ሊዋሽበት ይችላል ማለት ነው።

ለዚህ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ በ1967 ዓ.ም. ዋዜማና ዕንቁጣጣሽ ሰሞን የሆነው ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የሚያሳይ ፊልም ሠርቶ ከዓመት በፊት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ቀርቦ ነበር። ደርግ ያንን ፊልም ወሰደና በመሐል በመሐሉ የቤተ መንግሥት ግብዣና ድግስ እያስገባ አቀናበረው። በመስከረም 1 ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ሕፃን በረሃብ ሲሞት፣ ከዚያ ድግስ፣ ከዚያ የተራበች እናት፣ ከዚያ የተሞላ ብርጭቆ። በማግስቱ መስከረም 2 ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ተወሰዱ።

አስቡት። ረሃቡ እውነት ነው። መደበቁም እውነት ነው። ድግሱም እውነት ነው። አንድም ምስል አልተፋቀም፣ አልተቀባም። ግን አንድ ቀን ያልሆኑ ነገሮች ጎን ለጎን ተሰፉና በአንድ ጊዜ እንደሆኑ ታዩ። ያ ምሽት ያየው ሰው ያለቀሰው ለእውነት ነው ወይስ ለመቀስ? ለሁለቱም ይመስለኛል። ለዚህም ነው ዛሬ ድረስ ስለዚያ ፊልም ስንከራከር ሁላችንም ልክ የምንሆነው።

*

ነጻ ፕሬስ አለ የሚባልበት አገርስ ምን ሆነ?

በየካቲት 1982 እ.ኤ.አ. ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት የግብፅን ፒራሚዶች ሽፋኑ ላይ አወጣ። ፎቶው በወርዱ የተነሳ ነበር፣ ሽፋኑ ደግሞ ቁም ነው። እንዲገባላቸው በኮምፒውተር ሁለቱን ፒራሚዶች አቀራረቧቸው። ለ4,500 ዓመት ንቅንቅ ያላለውን ድንጋይ አንድ አዘጋጅ ከቢሮው ሆኖ አንቀሳቀሰው! ውርጅብኙ ቀላል አልነበረም።

በሰኔ 1994 ታይም መጽሔት በቀድሞ ሚስቱ ግድያ የተጠረጠረውን ጥቁር አሜሪካዊ የእግር ኳስ ኮከብ ኦ.ጄ. ሲምፕሰንን የፖሊስ ፎቶ ሽፋን አደረገ። ፊቱን ግን አጠቆሩት፣ ዳርዳሩን በጥላ ሸፈኑት። በዚያው ሳምንት ኒውስዊክ ያንኑ ፎቶ ሳይነካ አወጣ። ሁለቱ መጽሔቶች ጋዜጣ መሸጫው ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። ሰውየው ገና አልተፈረደበትም፤ ታይም ላይ ግን ጠቁሮ ወንጀለኛ መስሏል። ጥቁርነትን ከወንጀል ጋር ምን አገናኘው? ጥያቄው ይሄ ነበር፣ መጽሔቱም ይቅርታ ጠየቀ።

በመጋቢት 2003 የሎስ አንጀለስ ታይምስ ፎቶ አንሺ ብራያን ዋልስኪ ኢራቅ ባስራ አጠገብ ያነሳቸውን ሁለት ፎቶዎች አንድ አድርጎ ላከ። ከአንዱ የእንግሊዙን ወታደር፣ ከሌላው ሲቪሉን ሰውዬ። ከበስተኋላ የተቀመጡ ሰዎች ሁለት ጊዜ መታየታቸውን አንድ ዓይነ ስለታም አየ። ዋልስኪ ወዲያው ተባረረ። በ2014 ደግሞ አሶሺየትድ ፕሬስ ናርሲሶ ኮንትሬራስ ከተባለ ፑሊትዘር ካሸነፈ ቡድን አባል ጋር ተለያየ። ጥፋቱ ምን ነበር? ሶሪያ ውስጥ ካነሳው የአንድ ተዋጊ ፎቶ ጥግ ላይ የባልደረባውን የቪዲዮ ካሜራ አጥፍቷል። በቃ፣ አንድ ካሜራ። ድርጅቱ 500 የሚጠጉ ፎቶዎቹን ከማኅደሩ አወጣ።

ይሄ ቅጣት በዝቷል የሚሉ አሉ። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ግን ነገሩ ስለ ካሜራዋ አይደለም። አንባቢው አንዲት ነገር እንደጠፋች ካወቀ፣ ከዚያ በኋላ ስለሌሎቹ ሁሉ ይጠረጥራል። ለዚህ ነው የዜና ፎቶ ሕግ ቀላል የሆነው፦ ድሮ ጨለማ ክፍል ውስጥ ይደረግ የነበረውን ያህል ብርሃን ማስተካከል፣ ጠርዝ መቁረጥ ይቻላል። መጨመርና መቀነስ ግን አይቻልም።

*

"እኔ ጋዜጠኛ አይደለሁም፣ ፌስቡክ ላይ ፎቶዬን ነው የምለጥፈው" ላላችሁኝ፣ ለእናንተም ወሬ አለኝ።

የድሮው ባለ ቀለም ፊልም ሲታጠብ ባለሙያዎቹ ቀለም የሚያስተካክሉት የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ያለበትን ካርድ እያዩ ነበር። ሸርሊ ካርድ ይባል ነበር። የእሷ ቆዳ ካማረ ሥራው አማረ ማለት ነው። ጥቁር ሰው ሲነሳ ጥርስና ዓይን ብቻ የሚታየው ለዚህ ነበር። ዛሬ ደግሞ ስልካችን ላይ "ማሳመሪያ" የሚለውን ስንነካ ምን እንደሚያደርግ አስተውላችኋል? አፍንጫን ያቀጥናል፣ ፊትን ያቀላል። ልጆቻችን ከራሳቸው ፊት ጋር የሚጣሉት የሌላ ሰው ካርድ ይዘው ነው። እስራኤል በ2012፣ ፈረንሳይ በ2017፣ ኖርዌይ በ2021 ገላን አስተካክሎ የሚያወጣ ማስታወቂያ "ተነክቷል" ብሎ እንዲጽፍ በሕግ ደነገጉ። አትንኩ አላሉም። ተናገሩ ነው ያሉት።

ስለ መናገር ካነሳን አይቀር፣ ሮም ውስጥ ያሉ የጥንት ሥዕል ጠጋኞች ያገኙት ዘዴ አለ። ጣልያናዊው ቼዛሬ ብራንዲ ይመራው በነበረው የዕድሳት ተቋም፣ ከጦርነቱ በኋላ የፈረሱ የግድግዳ ሥዕሎችን ሲጠግኑ የጎደለውን ቦታ በቀጫጭን ቁም መስመሮች መሙላት ጀመሩ። ራቅ ብለህ ስታየው ሥዕሉ ሙሉ ነው። ቀርበህ ስታየው ግን መስመሮቹ ይታያሉ፤ ይሄ የድሮው ሠዓሊ እጅ አይደለም፣ የጠጋኙ ነው ትላለህ። ጥገናው አልተደበቀም፣ የጎደለውም አልተዋሸም።

እናቶቻችንም ይሄን ያውቁታል። የተቀደደ ጋቢ ሲጥፉ መርፌው የሄደበት ይታያል። ማንም አያፍርበትም።

*

እና የእህቴ ልጅ ምን አጠፋ? ልቡ ንጹሕ ነው። ማሽኑ ግን የማያውቀውን እንደሚያውቅ ሆኖ መለሰለት። እነዚህ ማሽኖች አያስታውሱም። ካዩት ሚሊዮን ፎቶ ተነስተው እዚህ ቦታ ምን ቢሆን ያስኬዳል ብለው ይሞላሉ። ሊሆን የሚችለውን እንጂ የሆነውን አያውቁም። 17 ዓመት የሆነው ሐበሻ ወጣት፣ ሙሉ ልብስ፣ ፈገግታ። የማንም ልጅ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው የማንም ያልሆነው።

ይበልጥ ያስፈራኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ እቴቴ ባይኖሩ ኖሮ ማን "አላውቀውም" ይል ነበር? የዛሬ 20 ዓመት የልጅ ልጆቻችን ያንን ጎረምሳ አጎታችን ብለው ክፈፍ ውስጥ ያስቀምጡት ነበር። አያቴ የቆረጡትንም፣ ለምን እንደቆረጡትም፣ ያንን ሌሊትም የሚያውቅ አይኖርም። ፎቶው ደስተኛ ቤተሰብ ነው። እዚያ ቤት ምንም አልሆነም። ስታሊን በስንት ሠዓሊ ያሠራውን እኛ በፍቅር በአንድ ጠቅታ ልናደርገው ነበር።

ከልጁ ጋር በስልክ ብዙ አወራን። አልተከፋም። እንደገና ሠራው። ጭረቱን አጸዳ፣ የደበዘዘውን አጎላ፣ ቀዳዳውን ግን እንዳለ ተወው። አራቱ ጣቶች አሉ። ሁለት አሳትመን አንዱን ለእቴቴ ሰጠን። ዋናውን በወረቀት ጠቅልለን አስቀመጥነው። ከኋላው ላይ በእርሳስ ጻፍኩበት፦ "ጥምቀት 1965፣ ፒያሳ። የጎደለው ታላቅ ወንድማቸው ነው። በ1969 እናቱ ቆረጡት።" ስሙንም ጻፍኩ። እዚህ አልጽፈውም፣ የቤታችን ነው።

ከዚያ ስልኬን ከፍቼ እቴቴን "መልኩ እንዴት ነበር?" አልኳቸው። 40 ደቂቃ አወሩኝ። ግንባሩ ሰፊ ነበር አሉ። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል፣ የፊት ጥርሱ ተሰብሮ ስለነበር። ያን ቀን ፎቶ ቤት አልስቅም ብሎ አያቴን አናዷቸው ነበር። እንግዲህ ማሽኑ ፈገግ አድርጎ ያቆመው ይሄን ልጅ ነው።

ወዳጆቼ፣ ቤታችሁ ውስጥ የተቆረጠ፣ የተፋቀ፣ ፊቱ የተደፈነ ፎቶ ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የደርግ ዘመን ያላስቆረጠው ቤት ጥቂት ነው። ከዚያ ወዲህም በየዘመኑ የተቆረጠ አለ። ከመጠገናችሁ በፊት የሚያውቅ ሰው በሕይወት ካለ ዛሬውኑ ጠይቁ፣ ድምፁን ቅዱ፣ ከጀርባው ጻፉ። አጽዱት፣ አጉሉት፣ ግን ዋናውን አትጣሉ፣ የጨመራችሁትንም ጨምረናል በሉ።

እስኪ የእናንተን ፎቶ ታሪክ ከታች ጻፉልኝ። ፎቶውን ካልፈለጋችሁ አትለጥፉት፣ ታሪኩ ይበቃል።

ቸር ያሰንብተን።